የባለጥፍሯ እጅ

ዱንያ የታሪኳን መጨረሻ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጥፍታዋለች። በመጀመሪያው ልጅቷ ከሐይቁ ወጣች። በሁለተኛው ታላቅ እህቷ ተከትላት ገባች። በሦስተኛው ሐይቁ ራሱ ደረቀ። ሲነበቡ ሦስቱም ደህና ነበሩ፤ እሷ ግን አንዱንም አላመነችውም። አለማመኗ ደግሞ ራሷን ያስቃት ነበር። የምትጽፈው እኮ ሐይቅ ሥር ስለሚኖር ንጉሥ፣ ጸጉሯ ደንገል ስለሆነ ልጅ፣ እጇ የአዞ እጅ ስለሆነ እናት ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛው ይታመናል?

ቀን ቀን ሶዶ ገበያ ውስጥ ባለው የአባቷ ሱቅ ትውላለች። አባቷ አቶ አብዱልከሪም በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው እዚሁ ሶዶ አርጅተዋል፤ ባልዲ፣ ጀሪካንና የፕላስቲክ ወንበር በጅምላ ያከፋፍላሉ። ዱንያ በደንበኛና በደንበኛ መሀል ስልኳ ላይ ትጽፍና ሐሙስ ሐሙስ ቴሌግራም ላይ አንድ ምዕራፍ ትለቃለች። ሃያ ሁለት ምዕራፍ ደርሳለች። አንባቢዎቿ አሥራ አንድ ሺህ አልፈዋል። ብዙዎቹ የሚከታተሏት ለእናትየዋ ሲሉ ነው።

እናትየዋን «ባለጥፍሯ» ብለው የሰየሟት አንባቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። በድርቅ ዘመን ትንሿን ልጇን ለሐይቁ ንጉሥ ሰጥታ ዝናብ የተቀበለች ሴት ነች። ልጇን በለቀቀችበት እጅ ላይ ጥፍር ይበቅልባታል፤ ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ እየዞረች የሰው ልጅ ትነጥቃለች። የሶዶ ተማሪዎች ስዕሏን ሠርተው ይላላኩታል። ክፉ እናት ያለችው ሁሉ እናቱን በእሷ ስም ይጠራል ይባላል።

በኅዳር ወር መጀመሪያ ናኦል የሚባል አሳታሚ ከአዲስ አበባ ደወለላት።

«ሙሉውን በሦስት ሳምንት ውስጥ ከላክሽልኝ ለገና አደርሰዋለሁ» አላት። «መጨረሻው ላይ ባለጥፍሯን ጠንከር አድርጊልኝ። መጽሐፉ እሷ ናት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱንያ መቀመጥ አቃታት። የተደረደረውን ባልዲ አፍርሳ ትደረድራለች። በር ላይ ትወጣለች፣ ባጃጅ ትቆጥራለች፣ ትመለሳለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ትነሳለች።

«ልጄ፣ ቁንጫ ገባብሽ እንዴ?» አሏት አባቷ።

«መጨረሻው ጠፍቶብኝ ነው፣ አባ።»

«ከየት ያመጣሽው ነው? ካመጣሽበት አይገኝም?»

ካመጣችበት። ታሪኩ መጀመሪያ የሷ አልነበረም። ልጅ ሳለች ቤታቸው ትሠራ የነበረች ፈጠነች የምትባል ሴት ናት የነገረቻት። ማታ ማታ በር ላይ አስቀምጣት እግሯን እያጠበች ትተርክላት ነበር። አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በድርቅ ትሰደዳለች። ውሃ ዳር ሲደርሱ የሐይቁ ንጉሥ ትንሿን ያያታል፣ ይወዳታል፣ ይወስዳታል። ልጅቷ ሐይቁ ውስጥ ታድጋለች፤ ጸጉሯ ደንገል ይሆናል። ታላቅየዋ አንድ ቀን ዳር ላይ ትቆምና ስሟን ትጠራለች። ከውሃው አንድ ነገር ይመልስላታል።

«ምን ብሎ?» ትል ነበር ዱንያ።

«ነገ» ትላለች ፈጠነች፤ እግሯን አድርቃ ታስነሳታለች። ነገ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ዱንያ አሥር ዓመት ሲሞላት ፈጠነች ተበላ ወደምትባለው ከተማ ተመለሰች። መጨረሻው አልተነገረም። ጥፍሩ ግን የፈጠነች አልነበረም። ጥፍሩን ያበቀለችው ዱንያ ናት፤ ልቦለድ ያለ ክፉ ሰው አይሄድም ብላ።

በማግስቱ የተበላ ገበያ ነበር። ለአባቷ ፈጠነችን ፍለጋ እንደምትሄድ ስትነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈጠነች አለች?»

«አላውቅም። እጠይቃለሁ።»

«ካለች ሰላም በያት። ባልዲም ይዘሽላት ሂጂ፤ ክዳን ያለውን።» ሌላ ነገር ሊጨምሩ ፈልገው ነበር፤ ደንበኛ ገባ።

ከመናኸሪያ የተነሳው ሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተበላ አወረዳት። ሙቀቱ ከሶዶ ሌላ ነው። ገበያው ውስጥ ሁለት ሴቶችን ጠየቀች፤ ሁለተኛዋ በአገጯ ወደ ሙዝ ሻጮቹ አመለከተቻት። ፈጠነች ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ሙዟን ከፊቷ ደርድራ ተቀምጣለች። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ፊቷ ከስቷል። ዱንያ ከፊቷ ስትቆም ቀና ብላ አየቻት። አልተገረመችም።

«ዱንያ» አለች። «ትመጣለህ ብዬ ነበር።»

የፈጠነች አማርኛ ድሮም ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል። ልጅ ሳለች ዱንያ ይህን ትወደው ነበር። አሁን ግን ድምፁ ውስጥ ሙቀት አልነበረም።

«እትዬ ፈጠነች፣ እንዴት ከረምሽ? እንዴት አወቅሽኝ?»

«ዓይንህ ያው ነው።» አንዲት ገዢ መጣችና ፈጠነች ወደ ሙዙ ዞረች። «ቤት ሂድ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። አስናቀች አለ። እኔ ሸጬ እመጣለሁ።»

አስናቀች የፈጠነች ልጅ ናት። ዱንያ ስሟን ታውቃለች፤ አይታት ግን አታውቅም። ቤቱን ስታገኝ አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎች ደብተር ታርም ነበር። ዱንያ ስሟን ስትነግራት ቀይ እስክሪብቶዋን ደብተሩ መሀል አድርጋ ዘጋችው።

«ጸሐፊዋ።»

«ታነቢያለሽ?»

«ትምህርት ቤታችን ውስጥ የማያነብ መምህር የለም። ለእናቴም አነብላት ነበር። እራት ላይ፣ ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ።» ወንበር ሰጠቻት፤ እሷ ቆመች። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብላት ሳቀች። 'ይሄ የኔ ነው' አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እኔ ሳላነብ ቀድማ የሚመጣውን ትነግረኝ ጀመር። ደስ ብሏት ነበር። እናቴ እንደዚያ ስትደሰት አይቼ አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምዕራፍ አሥራ አራት መጣ። ጥፍሩ።»

ዱንያ ባልዲውን ከእግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ምግቧን ትታ ተነሳች» አለች አስናቀች። «ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልነገረችኝም። ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር 'ዛሬ ደግሞ ምን አደረገቻት?' ትለኛለች። አነብላታለሁ። ሰዎቹ ከሥር የሚጽፉትንም አንብቢልኝ ትላለች። 'ይቺን ውሻ በእሳት አቃጥያት' ያለውን ሁሉ አንብቤላታለሁ።»

«ለምን አነበብሽላት?»

«ስለጠየቀችኝ ነዋ።» ደብተሮቹን አስተካክላ ቀጠለች፦ «አንቺ ይሄን ታሪክ በየማታው ሰምተሻል፣ አይደል? እግርሽን እያጠበች። ለኔ ነግራኝ አታውቅም። ያኔ እኔ እዚህ ከአባቴ እናት ጋር ነበርኩ። እሷን የማያት ለጊፋታ በዓል፣ በዓመት አንዴ ነበር። የእናቴን ታሪክ የሰማሁት ከአንቺ ቴሌግራም ነው።»

ዱንያ ልትሄድ ተነሳች፤ ባልዲውን አይታ መልሳ ተቀመጠች። አስናቀች አንዱን ደብተር ከፍታ እስክሪብቶዋን ያዘች፤ ፈጠነች እስክትመጣ ግን አንድም ገጽ አልገለጠችም።

ፈጠነች ከሰዓት በኋላ መጣች። እጇን ታጠበች፣ መደብ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጠፈች።

«ጥፍሩን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ እትዬ። ከራሴ ነው።»

«ከራስህ።»

«እናትየዋ እጇን ከለቀቀች በኋላ ምን ትሆናለች ብዬ አሰብኩና…»

«ማን ለቀቀች አለህ?»

ዱንያ ግራ ተጋባች። «አንቺ። 'እጇን ለቀቀች' ብለሽኛል።»

«እኔ 'እጇ ተለቀቀ' ነው ያልኩት።» ፈጠነች ልጇን አየቻት፤ ወላይትኛውን ትተረጉምላት እንደሆነ ጠየቀቻት። አስናቀች በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ፈጠነች አንዱን በአማርኛ አንዱን በወላይትኛ እየቀላቀለች ተናገረች፤ አስናቀች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረጎመች።

ሰባ ሰባት ዓመተ ምህረት ነበር። ፈጠነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ታናሿ አምስት። ቤታቸው ከቢጠና በታች ቆላው ላይ ነበር። ዝናቡ ቀረ፤ አባታቸው ቀድሞ ሞቶ ነበር። ከቢላቴ ወንዝ ማዶ ያገባች አክስት ነበረቻቸው፤ እሷ ጋ እንሰት አለ ተባለ። እናታቸው አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ እጇ ይዛ ተነሳች።

«ቢላቴ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር» አለች ፈጠነች። «ሰማዩ ንጹሕ። እኛ ጋ ደመና የለም። ላይ ደጋ ዘንቦ ኖሯል፣ ማን ያውቃል? መሀል ደርሰናል። ድምፅ ሰማን። ከብት የሚሮጥ መስሎኝ ዞርኩ። ከዚያ ውሃው መጣች።»

ዳር ስትወጣ እናታቸው በግራ እጇ ፈጠነችን ይዛ ነበር። ቀኙ ባዶ ነው። ትንሿን ሁለት ቀን ፈለጓት። ሬሳዋም አልተገኘም።

«ማዶ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ከብት ጠባቂ። 'እጇን ስትከፍት አይቻለሁ' ብሎ አወራ። 'አንዷን ለማትረፍ አንዷን ጣለች' አለ። መንደሩ ያዘው። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፣ ዱንያ። አላየሁም። ዓይኔ ውስጥ ጭቃ ነበር።»

«እሷስ ምን አለች?» አለች ዱንያ።

«ምንም። ለቀቅኩም አላለችም፣ አልለቀቅኩም አላለችም። በዚያ እጇ ግን ከዚያ ወዲያ አልበላችም። ሃያ ዓመት በግራዋ በላች። ሰው ፊት በግራ መብላት ነውር ነው። መንደሩም 'እዩ፣ እግዜር እጇን ያዘባት' አለ። ልጆች በመንገድ ስታልፍ ይሸሻሉ።»

አስናቀች መተርጎሟን አቆመች። የቀረውን ፈጠነች በራሷ አማርኛ ጨረሰችው።

«የሐይቁን ንጉሥ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ማታ እንቅልፍ ሲነሳኝ። ቢላቴ የሚገባው አባያ ሐይቅ ነው፣ አይደል? ታዲያ እሷም እዚያ አለች ብዬ። ንጉሥ ከወሰዳት እናቴ አልጣለቻትም ማለት ነው። ገባህ? ለዚያ ነው ንጉሡ።» እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «አንተ ጥፍር አበቀልክባት። የመንደሩ ሰው እንኳ ጥፍር አላበቀለባትም።»

«አላወቅኩም፣ እትዬ። ወላሂ አላወቅኩም። የድሮ ተረት መስሎኝ ነው። የማንም ያልሆነ።»

«እኔ አማርኛ ስለማጠፋ ነው? 'ተለቀቀ' እና 'ለቀቀች' ተምታቶብኝ ይሆን?»

«አይደለም» አለች ዱንያ። «አንቺ በትክክል ነግረሽኛል። እኔ ነኝ።»

እውነት መሆኑን ግን አላወቀችም። የዚያን ዘመን ድምፅ ለማስታወስ ሞከረች፤ የሚሰማት የሞቀ ውሃና የእግሯ ጣቶች መሀል የሚገባ እጅ ብቻ ነው።

«ለምን ለሷ ነገርሽ?» አለች አስናቀች ድንገት። «ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

ፈጠነች ወደ ልጇ ሳትዞር መለሰች። «የሰው ልጅ ስለሆነ። ለሰው ልጅ ሲሆን ቀላል ነው። አንተ ብትሰማ 'ይሄ አያቴ ነው?' ትለኛለህ። ምን እልሃለሁ?»

አስናቀች ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆይታ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

«ላጥፋው?» አለች ዱንያ። «ሁሉንም ላጥፋው?»

«እኔ ማንበብ አልችልም። አጥፋም ጻፍም አልልም» አለች ፈጠነች። «መጨረሻ ፈልገህ ከመጣህ ግን እኔ ጋ የለም። ቢኖር ያኔውኑ እነግርህ ነበር።»

ወደ ሶዶ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ዱንያ ምዕራፍ አሥራ አራትን ከፈተችና ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። ከዚህ በፊት አንብባው ኮርታበታለች። 'ትቃጠል።' 'እንደዚህ ዓይነት እናት ሞት ሲያንሳት።' 'እጇ ይቆረጥ።' ሦስት መቶ አርባ ሰው። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «አመመሽ እንዴ?» ብላ ውሃ ሰጠቻት።

ማታውኑ ለናኦል ደወለች።

«ባለጥፍሯን ልለውጣት ነው። ጥፍሩ ይወጣል።»

«ቀልድ ነው?»

«የእውነት ሰው ናት። የማውቃት ሰው እናት ናት።»

«ዱንያ፣ ክፉ ሁሉ የሆነ ሰው እናት ነው። ተረት እኮ ነው የምትጽፊው። ተረት ውስጥ ያለው ጭራቅ ሁሉ ድሮ የሆነ ሰው ጎረቤት ነበር። ይሄን ካሰብሽ አንድም መስመር አትጽፊም።»

ይህን ነገር ደጋግማ አሰበችው። ልክ ሳይሆን አልቀረም፤ ልክ መሆኑ ደግሞ አላሳረፋትም። ናኦልን «እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው፤ አልደወለችም። ሦስት ቀን በሱቁና በቤቷ መሀል ተንቆራጠጠች። ልትጽፍ ትቀመጣለች፤ የአዞው እጅ ሲጠፋ ታሪኩ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ በቀዳዳው በኩል የምታየው አንዲት ሴት በግራ እጇ ስትበላ ነው። ያንን እንዴት እንደምትጽፈው አላወቀችም።

በሦስተኛው ቀን አባቷ ሱቅ ሲዘጉ ጠየቋት። «ፈጠነችን አገኘሻት? ምነው ዝም አልሽኝ?»

ነገረቻቸው። እሳቸው የበሩን ቁልፍ እጃቸው ውስጥ እያገላበጡ ሰሙ።

«እናቷ የሞቱት እኛ ቤት ሳለች መሆን አለበት» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ሕፃን ነሽ። ሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀችኝ። የበዓል ገበያ ነበር፤ አንድ ቀን ሰጠኋት። ሄዳ ቀብራ በማግስቱ ተመለሰች። የዚያን ዕለት ማታም እግርሽን አጥባሻለች።» በሩን ቆለፉ። «ማን እንደሞተባት ጠይቄያት አላውቅም። 'ሰው ሞቶብኛል' አለች፤ እሺ አልኳት።»

ሐሙስ ሲደርስ ዱንያ ምዕራፍ አልለቀቀችም። ከምዕራፍ አሥራ አራት ጀምሮ ያለውን በሙሉ ከቴሌግራሙ ላይ አነሳችና አጭር መልእክት ጻፈች፦ እናትየዋን በደልኳት፤ እንደገና እጽፋታለሁ፤ መቆየት የፈለገ ይቆይ። አንባቢዎቿ ተቆጡ። አንዱ «ፓስተር ፈርታ ነው» አለ፤ ሌላው «አይ፣ ሼህ ፈርታ ነው» ብሎ ተከራከረው። በሳምንቱ አራት ሺህ ሰው ከቻናሏ ወጣ። ናኦል የሰጣት ቀን አለፈ፤ በእሷ ቦታ የሌላ ሰው የወንጀል ልቦለድ እንዳስገባ ከሰው ሰማች።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እሑድ ተበላ ትሄዳለች፤ እናትና ልጅ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ በረንዳው ላይ ትጠብቃለች። የጻፈችውን ታነባለች፣ አስናቀች ትተረጉማለች፣ ፈጠነች ታርማለች። እርማቷ ዱንያ ከጠበቀችው ሌላ ነበር። ንጉሡ ረጅም እንዲሆን ፈለገች። ሐይቁ ሥር ያለው ቤት በር እንዳይኖረው አለች፤ «በር ካለው ለምን አልወጣችም ይሉኛል» ብላ። እናትየዋ እንድታለቅስ የተጻፈበትን ቦታ ሦስት ጊዜ አስቀየረች።

«እሷ አታለቅስም። ሥራ ትሠራለች። ሲከፋት ቤቱን ትጠርጋለች። የተጠረገውን ትጠርጋለች።»

አስናቀች መጀመሪያ ላይ ፊቷን አጥቁራ ቃል በቃል ብቻ ትተረጉም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በራሷ ጥያቄ አቋረጠቻቸው፦ «አያቴ ምን ትመስል ነበር?» ፈጠነች ለልጇ መልሱን ስትሰጥ ዱንያ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ወደ ውጭ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ቆየች። ያ ንግግር የትኛውም ምዕራፍ ውስጥ የለም።

አንድ እሑድ ዱንያ የትንሿን ልጅ እውነተኛ ስም ጠየቀች። መጽሐፉ ውስጥ ልታስገባው፣ ልታከብራት አስባ ነበር።

«አይሆንም» አለች ፈጠነች።

«ለመታሰቢያ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«ያወጣህለት ስም ይበቃታል። የእሷ ስም የኔ ነው።»

መጽሐፉ ኋላ ላይ ታትሟል፤ በናኦል ሳይሆን ሐዋሳ ባለ አነስተኛ አሳታሚ፣ ባነሰ ቅጂ። ጥፍር የለውም። ጥፍሩ የናፈቃቸው አንባቢዎች እስካሁን ይጽፉላታል። አንዳንዴ እሷም ይናፍቃታል፤ ደህና የተጻፈ ጥፍር ነበር። ከመታተሙ በፊት ግን ወደ ቢላቴ ሄደዋል።

ሐሳቡ የአስናቀች ነበር። ጥር ላይ፣ መጨረሻው አሁንም እንደጠፋባቸው፣ «ለምን ሄደን አናየውም?» አለች። ፈጠነች ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዙ ጋ ሄዳ አታውቅም። እናቷን ልትቀብር ስትሄድ እንኳ ከመንደሩ አላለፈችም። «እኔ ምን አደርጋለሁ እዚያ?» አለች፤ በማግስቱ ግን የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ አገኟት።

ሦስቱ ሴቶች በሶዶ በኩል ቢጠና ደረሱ፤ ከቢጠና በሞተር እስከሚቻለው ወረዱ፤ የቀረውን በእግር ሄዱ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ፈጠነች ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ሁለቴ መንገድ ስታ ሁለቴ ተመለሰች፤ ሰው ጠይቂ ሲሏት እምቢ አለች። ከግራሮቹ መሀል ሲወጡ ወንዙ እግራቸው ሥር ነበር።

ቡናማ ውሃ ነው። ዝም ብሎ ይሄዳል። ጥቂት ላሞች መሀሉ ድረስ ገብተው ይጠጣሉ፤ ውሃው ጉልበታቸው አልደረሰም።

ፈጠነች ቆመች። ቀኝና ግራዋን አየች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደገና አደረገችው።

«ይሄ ነው?» አለች አስናቀች።

«ይሄ ነው።» ከዚያ ቆይታ፣ እየተቆጣች በሚመስል ድምፅ፣ «ጠባብ ነው እንዴ?» አለች።

ፈጠነች ወደ ውሃው ጥቂት እርምጃ ወረደች፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ወረደች። ዱንያ ይህን መቆም ማጣት ታውቀዋለች።

«አንድ ሰው በዚህ ይሰምጣል?» አለች ፈጠነች። «አርባ ዓመት ሙሉ… ይሄ እኮ በሦስት እርምጃ ያልቃል። እናቴ ይሄን ነው ያልቻለችው?»

«እማ፣ ጥር እኮ ነው» አለች አስናቀች። «ያን ቀን ጎርፍ ነበር።»

ፈጠነች የሰማቻት አትመስልም። ከዚያ ወደ ዱንያ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ዱንያ አይታው የማታውቀው ፍርሃት ነበር።

«እንዲህ ነው ብለህ እንዳትጽፍ። ሰው እንዲህ ጠባብ ነው ብሎ እንዳያስብ። ያን ቀን ሰፊ ነበር።»

«ሰፊ ነበር ብዬ እጽፋለሁ።»

«ምን ያህል ሰፊ? አንተ የት ታውቃለህ?» ፈጠነች እጇን አንስታ ማዶ ያለውን ዳርቻ ልታመለክት ሞከረች፤ መልሳ አወረደችው። «እስከዚያ… ከዚያም ያልፋል። ዛፍ ነበር።»

አስናቀች ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ በላሞቹ መሀል ወንዙን ተሻገረች። ማዶ ወጥታ አሸዋው ላይ ቆመችና ዞረች።

«እስከዚህ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም!» አለች ፈጠነች። ድምፅዋ ወጣ። «አልፈህ!»

አስናቀች ወደ ኋላዋ እየሄደች አሸዋውን ጨረሰች፣ ሣሩ ላይ ወጣች።

«እዚህስ?»

«ገና ነው!»

ቁጥቋጦ አለፈች። አንድ ብቸኛ ግራር አለፈች። ፈጠነች በወላይትኛ እየጮኸች፣ በሁለት እጇ አየሩን እየገፋች ትልካታለች፤ ገና፣ ገና ትላለች። አስናቀች አሁን ትንሽ ሆና ነው የምትታየው፤ የምትለው አይሰማም፤ እጇን ብቻ ከፍ አድርጋ ትጠይቃለች። ዱንያ ስልኳን አውጥታ ነበር፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው፤ ከፈጠነች ጎን ቆማ ርቀቱን በዓይኗ መከተል ጀመረች።

«እዚያ» አለች ፈጠነች በመጨረሻ፣ ለራሷ ያህል ዝግ ብላ። «እስከዚያ ነበር።»

ማዶ ያለችው ልጇ አልሰማቻትም፤ አሁንም እጇን እንዳነሳች ወደ ኋላዋ ትሄድ ነበር።